ከቆዳ ሥር የሚገባ ቀለም ሁሉ ስም ይኑረው

ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣
ለጤና ሚኒስቴር፣
በየከተማው የውበት ሳሎኖችንና የንቅሳት ቤቶችን ለሚቆጣጠሩ ጽሕፈት ቤቶች በሙሉ

ክቡራን፣

የቆዳ ሐኪም ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በምርመራ ክፍሌ ውስጥ አንድ ጥያቄ ዘወትር መልስ ስለሚያጣ ነው። ንቅሳቱ አብጦበት ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ያደረ ሰው ፊቴ ሲቀመጥ «የገባው ቀለም ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ቀይ ነው» ይለኛል። የትኛው ቀይ? ማን ያመረተው? ምን የተቀላቀለበት? ጠርሙሱ ላይ ምን ተጽፎ ነበር? አያውቅም። የነቀሰው ባለሙያ ጋ ስናስደውል እርሱም «ከውጭ የመጣ ጥሩ ቀለም ነው» ከማለት አያልፍም። ለራስ ምታት የምንውጠው ክኒን እንኳ ስሙ፣ መጠኑ፣ አምራቹና አገልግሎቱ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበት ነው እጃችን የሚገባው። ዕድሜ ልክ ከቆዳ ሥር የሚኖር ቀለም ግን ማንነቱ ሳይታወቅ ይገባል፤ ችግር ሲያመጣም ማንነቱን የሚነግረን የለም።

ንቅሳትን ለማውገዝ የተነሣሁ እንዳይመስላችሁ። ንቅሳት የእኛም ነው። በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎና በትግራይ እናቶቻችን በግንባራቸው መስቀል፣ በአንገታቸው ዙሪያ እንደ ድሪ የተደረደረ መስመር፣ በድዳቸው ላይ ጥቁር ጌጥ ይዘው አርጅተዋል። ነቃሿ የምትጠቀመው ጥላሸት ነበር፤ ከቅጠል ጭማቂ ጋር ለውሳ በመርፌ ወይም በእሾህ ትወጋለች። ያ ሥራ የራሱ አደጋ ነበረው። አንዱ መርፌ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲዞር ቁስል ያመረቅዛል፣ የጉበት ቫይረስም ይተላለፋል። ጥላሸቱ ግን በመሠረቱ ካርቦን ነውና አለርጂ የሚቀሰቅሰው ከስንት አንዴ ነው። ዛሬ በከተሞቻችን በክንድ፣ በደረትና በቅንድብ ላይ የሚገባው ቀለም ሌላ ዓይነት ነው። ቀዩ፣ ብርቱካናማው፣ ሐምራዊው በአብዛኛው በፋብሪካ የተሠራ ኬሚካል ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ መጀመሪያ የተፈለሰፉት ለመኪና ቀለም፣ ለፕላስቲክና ለማተሚያ ቤት ነበር። ሰው ቆዳ ውስጥ ገብተው ሃምሳ ዓመት ይቀመጣሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ቀለሙ ቆዳ ውስጥ ሲገባ ዝም ብሎ አይተኛም። መርፌው ከላይኛው ሽፋን አሳልፎ ወደ ውስጠኛው የቆዳ ክፍል ሲያስገባው የሰውነት መከላከያ ሴሎች መጥተው ይውጡታል፤ ሊያፈርሱት ግን አይችሉም። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ ቀለሙን የዋጠው ሴል ሲሞት የያዘውን ይለቀዋል፤ አዲስ የመጣው ሴል ደግሞ መልሶ ይውጠዋል። ንቅሳት ሳይጠፋ የሚኖረው በዚህ ቅብብሎሽ ነው። ከቀለሙ ከፊሉም ወደ ንፍፊቶች ይጓዛል። ሰውነትና ቀለሙ ተለያይተው አያውቁምና፣ ጠባቸው ከሳምንታት በኋላም፣ ከወራት በኋላም፣ ከብዙ ዓመት ሰላም በኋላም ሊነሣ ይችላል። «ከተነቀስኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ከንቅሳቱ ሊሆን አይችልም» የሚሉኝ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

አዲስ ንቅሳት ለጥቂት ቀናት ቢያብጥ፣ ቢሞቅና ቢያቃጥል፣ ከዚያም ቢላላጥ የተለመደ ነው፤ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ላዩ ይሽራል። ሕመሙ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ ከጨመረ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከተከተለ ግን ኢንፌክሽን ነው፤ ሳይዘገይ መታከም አለበት። ስለ ንጹሕ መርፌ ደጋግመን ስለምናስተምር ብዙ ሰው አዲስ መርፌ ሲከፈት ካየ ልቡ ያርፋል። መልካም ነው፤ ቀለሙ ራሱ የተበከለ ከሆነ ግን አዲሱ መርፌ የሚያደርገው ጀርሙን በሥርዓት ወደ ውስጥ ማድረስ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የቀይ ቀለም አለርጂ ነው። በንቅሳት አለርጂ ቀይን የሚያህል የለም። ቀድሞ ቀዩ የሚሠራው ከሜርኩሪ ውሁድ ነበርና ጥፋቱ ሁሉ በሜርኩሪ ይሳበብ ነበር፤ አዞ (azo) በሚባሉ በፋብሪካ የሚሠሩ ኬሚካላዊ ቀለሞች ከተተካ በኋላም ችግሩ አልቆመም። ጽጌረዳ የተነቀሰ ሰው ይመጣል፤ ቀዩ አበባ ተነሥቶ ጠጥሯል፣ ጥቁሩ ግንድ እንደ ነበረ ነው። ያበጠው ክፍል ያሳክካል፣ ይላላጣል፣ አንዳንዴም እንደ ኪንታሮት ሻክሮ ይቆስላል። ምልክቱ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ የጤና ባለሙያዎች ለምን ይስቱታል ትሉ ይሆናል። የመማሪያ መጻሕፍቱ ፎቶዎች በአብዛኛው በነጭ ቆዳ ላይ የተነሡ ናቸው፤ እዚያ መቅላቱ ከሩቅ ይታያል። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላት ተደብቆ ይጠቁራል፣ ወይም ወደ ወይን ጠጅና ግራጫ ያደላል። በዚህ የተነሣ በሽተኛው ከአንዱ ፋርማሲ ወደ ሌላው እየተላከ አንቲባዮቲክ በአንቲባዮቲክ ላይ ሲውጥ ይከርማል። «ኬሎይድ ነው፣ አትንካው» የተባለም አይቻለሁ። ኬሎይድ የሚባለው ያበጠ ጠባሳ ቀለም አይመርጥም፤ ከቁስሉ ድንበር አልፎ ይሰፋል። አለርጂው ግን የቀለሙን መስመር ተከትሎ ይሄዳል። ጣትን በንቅሳቱ ላይ አሳልፎ የትኛው ቀለም እንደ ተነሣ መዳሰስ ብዙ ጊዜ ከመብራትና ከአጉሊ መነጽር በፊት ይናገራል።

ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል፤ በአገራችን ደግሞ ምክንያቱ ይበዛል። ንቅሳት ላይ የወጣ እብጠት ሁሉ አለርጂ አይደለም። ቁንጭር ሊሆን ይችላል፤ የቆዳ ቲቢም ሊሆን ይችላል። ለምጽ፣ ሶሪያሲስና መሰል የቆዳ በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ በተወጋበት መስመር ላይ በሽታው ሊወጣበት ይችላል። ለዓመታት ዝም ያለ ጥቁር ንቅሳት ድንገት ቢያብጥ ሳርኮይዶሲስ የሚባለው፣ ሳንባንና ዓይንንም የሚነካው በሽታ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ስለሚችል የደረት ራጅ ማንሣትና ዓይንን ማስመርመር ይገባል።

ሕክምናው አለ፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። እብጠቱ ቀላል ሲሆን እንደ ክሎቤታሶል ያለ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት፣ ባበጠው ቦታ ላይ ብቻ፣ በሐኪም ክትትል ለተወሰኑ ሳምንታት ይቀባል። ይህንኑ ቅባት ያለ ማዘዣ ገዝቶ ወር ከወር መቀባት ቆዳን ያሳሳል፣ ያነጣል፤ በገበያችን ፊት ለማንጻት ሲሸጥ ያደረሰውን ጉዳት እናንተም ታውቁታላችሁ። ቅባቱ ካልበቃ ትሪያምሲኖሎን የተባለው መድኃኒት በየተወሰነ ሳምንቱ እብጠቱ ውስጥ ይወጋል። የማሳከክ ማስታገሻ መድኃኒት እንቅልፍ ለማግኘት ይረዳ ይሆናል፤ እብጠቱን ግን አያነሣውም። መከላከያ ሴሎቹ የሚጣሉት ነገር እዚያው እስካለ ድረስ መድኃኒቱ ሲቆም ሕመሙ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ያኔ የሚቀረው ቀለሙን ማውጣት ነው። ጠባብ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ቆርጦ መስፋት ይቻላል። በዴንማርክ ኮፐንሃገን የሚገኘው የቢስፔብየርግ ሆስፒታል ለንቅሳት ችግሮች የተለየ ክሊኒክ ከፍቶ፣ ቀለሙ ያለበትን የቆዳ ክፍል በስሱ እየላጡ የማውጣት ዘዴን በሰፊው ሠርቶበታል። ለጠባሳና ለኬሎይድ በሚቀርበው ቆዳችን ላይ ይህን ማድረግ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ግን መንገድ አለ።

ሌዘር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነውና። አንዲት ወጣት በቀይ የተነቀሰችው ክንዷ ስላሳከካት ለማስጠፋት ወደ አንድ የውበት ሳሎን ሄደች። ማንም ሐኪም ሳያያት ሌዘር ተተኮሰባት። ወደ እኔ ስትመጣ እብጠቱ ብሶ፣ ሽፍታው ወደ አንገቷና ወደ ሌላኛው ክንዷ ተዛምቶ፣ የተተኮሰበት ቆዳ ተቃጥሎ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ነበር። ይህ የእርሷ ክፉ ዕድል ብቻ አይደለም፤ የሚጠበቅ ነገር ነው። ሌዘር ቀለሙን ወደ ደቃቅ ቅንጣቶች ሰባብሮ ይበትነዋል። ሰውነት አለርጂ የያዘበት ቀለም ሲበተን ሽፍታው መላ አካልን ሊያዳርስ፣ ከባድ ሲሆንም ትንፋሽ እስከሚያጥር ድረስ ሊያደርስ እንደሚችል በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግቧል። በዚያ ላይ ቀይ ቀለምን የሚሰብረው 532 ናኖሜትር ሞገድ ያለው አረንጓዴ ብርሃን ነው፤ ይህን ብርሃን የጠቆረው የቆዳችን ቀለም ራሱ አጥብቆ ይስበዋል። ለጥቁር ንቅሳት የሚውለው 1064 ናኖሜትሩ በጥልቀት ስለሚያልፍና የቆዳውን ቀለም ያን ያህል ስለማይነካ ለእኛ የተሻለ ነው። የእናቶቻችን የጥላሸት ንቅሳት ለሌዘር ከሁሉም የሚቀልለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በእስራኤል የሚኖሩ የቤተ እስራኤል እናቶች የግንባር መስቀላቸውን ለማስነሣት ቢፈልጉ የተሻለ ዕድል አላቸው። ቀይ ንቅሳት ያበጠበት ጠይም ሰው ግን በሁለት በኩል የተጋለጠ ነው። የቅንድብ ንቅሳትም አደጋ አለው፤ ብረትና ታይታኒየም ያለበት ቡናማና ነጭ ቀለም በሌዘር ሲመታ በቅጽበት ሊጠቁር ይችላል። ሌዘሩን የያዘው ሰው ቀለሙ ውስጥ ምን እንዳለ ካላወቀ ይህን እንዴት ይገምታል?

ስለ ጥቁር ሂናም መጻፍ አለብኝ። ከቅጠሉ የሚገኘው ሂና ቡናማ ቀይ ነው፤ ብዙ ሰዓት እጅ ላይ መቆየትም ይፈልጋል። እንሶስላም እንደዚያው እጅና እግርን ያቀላል። በድሬዳዋ፣ በሐረር፣ በጅግጅጋ፣ አሁን አሁን በአዲስ አበባ የሠርግ ዝግጅት ላይም በአጭር ጊዜ ከሰል መስሎ የሚጠቁረው ግን ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የሚባል የጸጉር ማቅለሚያ ኬሚካል የገባበት ነው። በአውሮፓ ሕግ ይህ ኬሚካል በጸጉር ማቅለሚያ ውስጥ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ቆዳ ላይ መሳል ጨርሶ አይፈቀድም። ሙሽራይቱ በቀናት ውስጥ አበባው በተሳለበት መስመር ሁሉ ውሃ የቋጠረ ቁስል ሊወጣባት ይችላል። በስቴሮይድ ቅባትና በቀዝቃዛ ጨርቅ ቁስሉ ይሽራል፤ የነጣው የአበባ ምልክት ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል። የባሰው የሚመጣው በኋላ ነው። ሰውነቷ ኬሚካሉን አንዴ ከጠላው አይረሳውም፤ ከዓመታት በኋላ ሽበቷን ለማጥቆር ስትቀባ ፊቷና ዓይኗ እስኪዘጋ ሊያብጥ ይችላል። በዓል ነው፣ ውበት ነው ተብሎ በልጆች እጅ ላይ ሲሳል ሳይ ዝም ማለት ያቅተኛል።

የቀለም ማንነት መታወቁ ምን እንደሚጠቅም አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት፣ በሮቸስተር ከተማ የተነቀሱ ሰዎች ግራጫው ጥላ በተሠራበት ቦታ ላይ የማይለቅ ሽፍታ ወጣባቸው። በምርመራው 19 ሰዎች ተገኙ። ጀርሙ ከቲቢ ጋር የሚዛመድ፣ በውሃ ውስጥ የሚኖር ማይኮባክቴሪየም ኬሎኔ የሚባል ነበር፤ ለተለመደው አንቲባዮቲክ አይበገርም፣ ሕክምናው ወራት ይፈጃል። የነቀሳቸው ባለሙያ ግን የትኛውን ጠርሙስ እንደ ተጠቀመ ያውቅ ነበር። የጤና ሠራተኞቹ ዱካውን ተከትለው አምራቹ ጋ ደረሱ፤ ገና ያልተከፈተ ጠርሙስ ውስጥ ያንኑ ጀርም አገኙት። ቀለሙም ከገበያ ተነሣ። እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 በቋሚ የመዋቢያ ቀለሞች ከ150 በላይ ሰዎች መጎዳታቸው ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሪፖርት ሲደረግ አምራቹ ቀለሞቹን ሰብስቧል። ይህ ነገር በእኛ ከተማ ቢከሰት ከየት እንጀምራለን? ጠርሙሱ ተጥሏል፣ መዝገብ የለም፣ የንቅሳት ቀለም ጉዳት ሪፖርት የሚደረግበት መሥመርም አልተዘረጋም።

የአውሮፓ ኅብረት ከጃንዋሪ 4 ቀን 2022 ጀምሮ ከ4,000 በላይ ኬሚካሎችን በንቅሳት ቀለም ውስጥ ከልክሏል ወይም ገድቧል። እኔን ከዚህ ዝርዝር ይልቅ የሚያስቀናኝ ሌላው ድንጋጌ ነው፦ ጠርሙሱ ለንቅሳት የተዘጋጀ መሆኑ፣ የምርት መለያ ቁጥሩና በውስጡ ያሉት ነገሮች ይጻፉበታል፤ ነቃሹም መርፌውን ከማንሣቱ በፊት ይህንን ለሚነቀሰው ሰው የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በጀርመን፣ በጣሊያን ወይም በስዊድን የምትኖሩ ወገኖቼ ይህ መብታችሁ ነውና ጠይቁ። በፎቶ ያዙት።

ክቡራን፣ የምለምናችሁ ከዚህ የራቀ አይደለም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መዋቢያ ምርቶችን የመቆጣጠር ሥልጣን ሰጥቷችኋል። የንቅሳትና የቋሚ ቅንድብ ቀለም በስሙ ተጠቅሶ በዚህ ቁጥጥር ሥር ይግባ፤ ወደ አገር ሲገባ ይመዝገብ፤ የይዘት ዝርዝርና የምርት ቁጥር የሌለው ጠርሙስ አይሸጥ። እያንዳንዱ የንቅሳት ቤት ለደንበኛው የቀለሙን ስም፣ አምራቹን፣ የምርት ቁጥሩንና ቀኑን የያዘ አንድ ትንሽ ካርድ ይስጥ፤ ግልባጩንም ያስቀምጥ። ይህ ወረቀትና እስክሪብቶ እንጂ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። ሌዘር በሐኪም ያልታየ፣ ያበጠና የሚያሳክክ ንቅሳት ላይ እንዳይተኮስ ይከልከል። ፒፒዲ ያለበት ሂና ቆዳ ላይ መሳሉ በግልጽ ይታገድ፤ የጸጉር ማቅለሚያውንም የሚሸጡት ይነገራቸው። በየጤና ተቋሙ የመድኃኒት ጉዳት ሪፖርት የምናደርግበት ቢጫ ቅጽ አለ፤ የንቅሳት ቀለምና የሂና ጉዳትም በዚያው ቅጽ እንዲሞላ ለጤና ባለሙያዎች ሁሉ ይታዘዝ። ያኔ ስንት ሰው እንደ ተጎዳ በግምት ሳይሆን በቁጥር እንነጋገራለን።

የንቅሳት ባለሙያዎችን ጠላት አድርጋችሁ እንዳትነሡባቸው አደራ እላለሁ። አብዛኞቹ በእጃቸው ጥበብ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ወጣቶች ናቸው፤ የሚያስገቡት ቀለም ምን እንደ ሆነ ቢነገራቸው ደስ ይላቸዋል። አሽጋችሁ ብትዘጉባቸው ሥራው ወደ ጓዳ ይገባል፣ መርፌውም ቀለሙም ከዓይናችን ይሰወራል። አሠልጥኗቸው፤ ፈቃድ ስጧቸው፤ ከዚያ ተቆጣጠሯቸው።

ይህን ደብዳቤ የምታነቡ፣ አሁንም ንቅሳታችሁ የሚያሳክካችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፦ ሎሚ፣ ጨው፣ በረኪናና የጥርስ ሳሙና አትቀቡበት፤ በምላጭ አትፋቁት፤ እንዲሸፈን ብላችሁ ሌላ ቀለም አታስደርቡበት። አዲስ አበባ ያላችሁ አለርት ሆስፒታል፣ ደሴ አካባቢ ያላችሁ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለ፤ በሌላ ቦታ ያላችሁም በአቅራቢያችሁ ካለ ጤና ተቋም ሪፈር ተጽፎላችሁ ወደ ቆዳ ሐኪም መድረስ ትችላላችሁ። ስትመጡ የቀለሙን ጠርሙስ ወይም ፎቶውን ከነቃሹ ለምናችሁ ይዛችሁ ኑ። ሰውነታችሁ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ትኩሳት ከያዛችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ለንቅሳት ቤት ደንበኞች የሚሰጠውን ካርድና የጉዳት ሪፖርቱን ረቂቅ ለባለሥልጣኑ አዘጋጅቻለሁ። የባለሥልጣኑ ባለሙያዎች፣ የንቅሳት ቤት ባለቤቶችና የቆዳ ሐኪሞች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡበትን ቀን ብትወስኑ ረቂቁን ይዤ እቀርባለሁ። መልሳችሁንም እንደ ደብዳቤዬ በግልጽ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቆዳ ሐኪም፣ አዲስ አበባ